የካባው ንጹሕ ጠርዝ

«ልጅዎ ሻይ ሊያመጣልዎት ሄዶ ምን ያህል ቆየ?»

መርማሪው ይህን የጠየቃት ብሬንዳ ሆይልን ነው። ጠዋት ከሚኖሩበት ከባርንስሊ በአውቶቡስ ዮርክ ከተማ ከገቡ ጀምሮ ልጇ ጋቪን እረፍት አልሰጣትም። በከተማው ግንብ ላይ አስኬዳት፣ ካቴድራሉን አሳያት፣ የነገሥታት ጎራዴና ዘውድ የተደረደረባቸውን ቤተ መዘክሮች አዞራት። በመጨረሻ እሱ ራሱ በጥበቃ ይሠራበት ወደነበረው ትንሽ የንጉሣውያን አልባሳት ቤተ መዘክር ሲያስገባት እግሯ አብጦ ነበር። አንዲት ንግሥት ተጫምታዋለች ከተባለው ጫማ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር አግኝታ ተቀመጠች፤ ከዚያ በኋላ የምታውቀው የለም። የቀሰቀሳት የሰው ጩኸት ነው።

«ተኝቼ ነበር፣ ሆዴ» አለችው መርማሪውን። «ስነቃ ሻዩም ልጄም አጠገቤ ነበሩ።»

«ሻዩ ትኩስ ነበር?»

ብሬንዳ ልጇን አየችው። ጋቪን አቀርቅሯል።

«ቀዝቅዟል» አለች።

ኢንስፔክተር ሄብደን ጡረታው የቀረበ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ነበር። አፍንጫውን ጠርጎ ወደ ትኬት መሸጫው ዘወር አለ። የቤተ መዘክሩ ኃላፊ ሚስተር ላያል ፎቅ ላይ፣ የቤቱ ዋና ቅርስ የሆነው የአንድ ንጉሥ የሐር ካባ ባለበት ክፍል ውስጥ፣ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኝቷል። ጋቪንን ከሥራ ያባረረው እሱ ነው። ዛሬም በር ላይ «አንተን ደግሞ ማን ጠራህ?» ብሎ በጎብኚዎች ፊት አዋርዶታል። ብሬንዳ እውነቱን የሰማችው ያኔ ነው፤ ልጇ በገዛ ፈቃዴ ለቀቅኩ ብሏት ነበር።

«ነቅቼ ነበር ብትያቸው ምን ነበረበት?» አላት ጋቪን በሹክሹክታ።

«አልነቃሁማ። የት ነበርክ?»

«ሥራዬን እንዲመልስልኝ ልለምነው ፎቅ ወጥቼ ነበር። የካባውን ክፍል አንኳኳሁ፣ የሚከፍት ጠፋ። ቆሜ ቆሜ ተመለስኩ።»

ቀኑን ሙሉ ያዞራት ድፍረት እስኪያገኝ መሆኑ አሁን ገባት።

«ውስጥ ሰው ነበር?» አለ ሄብደን። ለካ እያዳመጠ ኖሯል።

«ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰምቻለሁ።»

«ይህን ቀድመህ አትናገርም ነበር?»

«ማን ያምነኛል?»

«እኔም ገና አላመንኩህም» አለው ሄብደንና አስነጠሰ። «ና፣ ወደ ላይ እንውጣ።»

ብሬንዳ የልጇን ክንድ ያዘች። «እሱ የሄደበት እሄዳለሁ።» ሄብደን ሊከለክላት አፉን ከፈተ፤ ደክሞት ተወው።

ፎቁ ላይ ሬሳው ተሸፍኖ ነበር። ካባው ከመስታወት ሣጥኑ ወጥቶ ጠርዙ ብረት በሆነ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ሄብደን ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየው፤ ብሬንዳም አብራ አየች። ደሙ ከብረቱ ጀምሮ በጠረጴዛው ላይ ተረጭቷል፤ ከካባው ግራም ቀኝም ነጠብጣብ አለ። ካባው ግን ንጹሕ ነው። ጠርዙ ላይ አውራ ጣት የምታክል ቦታ ብቻ ከሌላው ይልቅ ታበራለች።

ሄብደን ሬሳውን ያገኘውን አስጎብኚ ሚስተር አስኪውን ጠራ። ሽማግሌው ላብ አጥምቆታል።

«ሚስተር ላያል ካባውን ለዓመት ያህል ባህር ማዶ ሊልከው ነበር፤ ለኤግዚቢሽን። ሁላችንም ተው ብለነዋል። ያለ ካባው ምን ላስጎብኝ ነው? ደረጃውን?»

«ሐር ላይ ደም ቢያርፍ በምን ይለቃል?»

«ሚስቴን ይጠይቋት። እኔ ሸሚዜን እንኳ አላጥብም።»

ያንኑ ጋቪንን ጠየቀው። «በውኃ ነዋ» አለ ጋቪን።

«በቀዝቃዛ» አለች ብሬንዳ ሳትጠየቅ። «በሙቅ ካጠብከው እዚያው ይቀራል።»

በመጨረሻ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያረጁ ጨርቆችን ስትጠግን የኖረችው ሚስ ትዌይት ገባች። ቀጭን ሴት ናት፤ እጆቿን በሽርጧ ኪስ ከትታለች።

ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቃት «አላውቅም» አለች።

ሄብደን ራሱን ነቀነቀ። ሌላ አልጠየቃትም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሁሉንም ባሉበት እንዲቆሙ አደረገ።

«ደሙ ግራና ቀኝ ተረጭቶ መሃል ላይ ያለውን ካባ አይዘለውም» አለ። «ስለዚህ ካባውን አንድ ሰው አጽድቶታል። የሚሸሽ ሰው ካባ አያጸዳም፤ ጋቪን ቢሆን ኖሮ ወደ በሩ ይሮጥ ነበር። ደግሞ አሮጌ ሐር ውኃ ሲነካው ዙሪያውን ቀለበት ይሠራል። እዚህ ቀለበት የለም።»

«በምን ጸዳ ታዲያ?» አለ አስኪው።

«በምራቅ። ሚስቴ ቤተ መዘክር ውስጥ ትሠራ ነበር፤ እራት ላይ እየነገረችኝ ምግብ አስጠልታኛለች። እንጨት ላይ የተጠቀለለ ጥጥ በምራቅ ይረጥብና እድፉን ቀስ እያሉ ማንሳት ነው። ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ ነው። ጋቪን የሰማው ወንበር ያ ነው። ሚስተር አስኪው ሸሚዙን እንኳ አያጥብም፣ ጋቪንና ወይዘሮ ሆይል ውኃ ነው ያሉት። ሥራዋ ይኸው የሆነችው ሴት ግን አላውቅም አለችኝ።» ወደ ትዌይት ዞረ። «ምራቁ የማን እንደሆነ ላቦራቶሪው ይነግረናል። ኪስዎ ውስጥ ያለውን ጥጥ ያውጡልኝ፣ እባክዎ።»

ትዌይት አወጣችው። ቀልቷል።

«ላያል ካባውን ለጉዞው ሣጥን ሊከት ከጠረጴዛው ሲጎትተው ክሩ ሲበጠስ ሰማሁ» አለች። «ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም።»

«ብረቱ ላይ ከወደቀ በኋላ ይተነፍስ ነበር?»

ትዌይት ካባውን አየችው።

«ደም ከደረቀ አይለቅም» አለች።

ብሬንዳ በሩን አየችው። ልጇ ከዚያ ወዲያ ቆሞ ሲያንኳኳ፣ እዚህ ደግሞ ሰውዬው እየተነፈሰ ሴትዮዋ ጥጥ ስታረጥብ ታያት። ጋቪንም ያሰበው ይህንኑ ሳይሆን አልቀረም፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

ውጭ ካፊያ ነበር። ጎብኚዎች ጃንጥላቸውን እየዘረጉ ከግንቡ ይወርዳሉ። ጋቪን አውቶቡሱ ድረስ ሸኛት።

«ነገ ፖሊስ ጣቢያ ቃሌን እሰጣለሁ። ጓደኛዬ ጋ አድራለሁ።»

«ከዚያስ?»

«እዚሁ ሥራ እፈልጋለሁ። ባርንስሊ አልመለስም፣ እማ። በፈቃዴ ለቀቅኩ ብዬ ዋሸሁሽ፣ ዛሬ ደግሞ ፖሊስ ፊት አቆምኩሽ፤ ሁለት ጊዜ አዋርጄሻለሁ።»

«ማን ተዋረድኩ አለህ?»

«ግቢ፣ ዝናብ እየመታሽ ነው።»

የምትለው ብዙ ነበር። እግሯ ግን አላስቆማትም፤ የኮቱን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆለፈችለትና ገባች።

ሚስ ትዌይት በፖሊስ መኪና ሄደች። ብሬንዳ በአውቶቡስ ሄደች። ጋቪን ዮርክ ቀረ።