ጠራዡ የለወጠው መጽሐፍ

«ጸጥታ!»

ገና አንድ እግሩን እንኳ ወደ ውስጥ አላስገባም ነበር። በሩ ሲጢጥ ሲል፣ ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ ቀና ሳትል ጮኸችበት። አንባቢዎቹ ሳቅ አሉ። በዚያ የሕዝብ ላይብረሪ ውስጥ ከሁሉም በላይ የምትጮኸው እሷው ራሷ ናት፤ ለዚህም ነው ሰው ሁሉ «ጸጥታ» እያለ የሚጠራት።

ከዚያ ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት... አቤት! ሰው እየተቆጣ እንዲህ ያምራል?

«ምን ልርዳህ ወንድሜ?» አለችው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ወንድምየው የመጣው ሊሰርቃት ነበር።

ቆይ፣ አትፍረዱበት። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ሰውየው የማተሚያ ቤት ጠራዥ ነው። የታተመው ትልቅ ወረቀት ሲታጠፍ አሥራ ስድስት ገጽ ይወጣዋል፤ እነሱ «እጥፍ» ይሉታል። እጥፎቹ ረጅም ጠረጴዛ ላይ በየተራቸው ይከመራሉ። ጠራዡ በጠረጴዛው ዙሪያ እየዞረ ከየክምሩ አንድ አንድ ያነሳና ያነባብራል፤ ከዚያ ይሰፋል፣ ሽፋን ያለብሳል። አሥራ ሁለት ዓመት ሲዞር አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። አንድ ቀን ግን ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ክምር አቀያየራቸው።

መጽሐፉ የወጣቶች ልብ ወለድ ነበር፤ ስለ አስማትና በጊዜ ውስጥ ስለ መመላለስ የተጻፈ፣ የአንድ ታሪክ ሁለተኛ ክፍል። ስህተቱ የታወቀው ሃያ ቅጂ ከተሰፋ በኋላ ነው። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው፣ እሳት ጎረሱ።

«ሃያዎቹንም ለቅመህ አምጣ! አንዷ ከዚህ ቤት ከወጣች አንተም አብረሃት ትወጣለህ!»

ለቀመ። አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። ደግሞ ቆጠረ... ያው አሥራ ዘጠኝ።

«ሁሉም ተገኙ?» አሉት ጋሼ።

«አዎ ጋሼ» አለ።

ወር ሳይሞላ፣ አንድ ሰኞ፣ ምሳውን እየበላ ስልኩን ከፈተ። ጸጥታ ስለ መጻሕፍት የምትጽፍበት ፔጅ አላት፤ ብዙ ሺህ ተከታይ ያለው። እሱም የጠረዘው መጽሐፍ በወጣ ቁጥር «ምን ብላ ይሆን?» እያለ ያነባታል። የት ላይብረሪ እንደምትሠራ ፔጇ ላይ ስላለ ያውቃል፤ መልኳን ግን አይቶ አያውቅም። የዚያን ቀን እንዲህ ጽፋ ነበር፦

«እንዲህ ያለ ድፍረት አይቼ አላውቅም! የመጀመሪያውን ክፍል ያነበባችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ልጅቷ ጣቷ ላይ ክር ቋጥራ ወደ ትናንት ትመለሳለች፣ በተመለሰች ቁጥር ግን ከምትወዳቸው ሰዎች አንዱ ይረሳታል። በሁለተኛው ደራሲዋ ጉድ ሠራችን። ገጽ ዘጠና ስድስት ላይ ሳለን፣ ሳናስበው መቶ አሥራ ሦስት ላይ እንገኛለን! ወንድሟ በሩን ከፍቶ ‹ማን ልበል?› ይላታል። ምን ልታርም ተመልሳ እንደረሳት አናውቅም። ከዚያ የገጹ ቁጥር ራሱ ወደ ኋላ ተመልሶ ዘጠና ሰባት ይሆናል፤ ጥፋቷን የምናየው ያኔ ነው። መጀመሪያ አለቀስኩ፤ ምክንያቱን ያወቅኩት በኋላ ነው። ሕይወትስ እንዲህ አይደል?»

«ወይኔ ጉዴ!» አለ ጠራዡ። ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ። ሃያኛዋ ተገኘች፤ ከደህናዎቹ ጋር ተሸጣ ኖሯል!

ጋሼ ይህን ካነበቡ አለቀለት። ስለዚህ ማክሰኞ ከሰዓት ትክክለኛውን ቅጂ ቦርሳው ውስጥ ከቶ ላይብረሪው በር ላይ ደረሰ። ሰላም ብሎ ሊገባ፣ ለውጦ ሊወጣ።

«ስለዚያች ስለ ክሯ ልጅ የጻፍሽውን አንብቤ ነው የመጣሁት» አላት።

ፊቷ በራ። «ውይ፣ አነበብከው? መጽሐፉ የራሴ ነው፤ ላይብረሪው ገና አልገዛውም። ወደ ቤት ግን አልሰጥም፣ እዚሁ ቁጭ ብለህ አንብብ። ጥግ እንዳታጥፍ! እኔ እርሳስ እንኳ አላሳርፍበትም።»

ተቀመጠና የተቀያየሩትን ገጾች ፈልጎ ገለጠ። ትንሽ ቆይታ መጥታ ጎንበስ አለችና፣ «የት ደረስክ?» አለችው።

«ልጅቷ ወንድሟን ልትዋሸው...»

«እስ! አትንገረኝ፣ እንደገና ያስለቅሰኛል። ሻይ ትጠጣለህ? እዚህ ክልክል ነው፤ ኮሪደር ላይ ግን ማንም አያየንም።»

ሻይ ልታመጣለት ወጣች። እሱም መጽሐፉን ለወጠ።

ኮሪደር ላይ ቆመው ሻዩን ሲጠጡ፣ ስለ መጽሐፉ አስማተኛ ሽማግሌ አወራችለት። «ምክሩ አያልቅም! እኔ ብሆን ክሩን ምላሱ ላይ ነበር የምቋጥርለት» አለችው። ሳቀ። ከልቡ ሳቀ። ሻዩ ጣፋጭ ነበር፤ እሱ ግን ቦርሳውን ብብቱ ሥር አጥብቆ ይዞ ነበር።

ረቡዕም ሄደ፤ አሁን ምንም የሚሰርቀው ሳይኖር።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አለችው።

«እ... ወረቀት ነክ ነው።»

«የቢሮ ሰው ነህ ማለት ነው።»

«እንደዚያ በይው» አለ። ውሸት አንዴ ከጀመረች መች ብቻዋን ትቀራለች!

ሐሙስ ሲመጣ ጸጥታን ዓይኗ ቀልቶ አገኛት።

«ምን ሆነሻል?»

ስልኳን ዘረጋችለት። ፔጇ በኮሜንት ተጥለቅልቋል። «አላነበበችውም!» «ተከፍሏት ነው!» «እኛ ጋ ያለው ከዘጠና ስድስት ቀጥሎ ዘጠና ሰባት ነው እመቤት፣ ቁጥር አልተማርሽም?»

«ገጹን ፎቶ አንስቼ ላሳያቸው ብዬ መጽሐፉን ከፈትኩት» አለች። «ከዘጠና ስድስት ቀጥሎ ዘጠና ሰባት! በዓይኔ ያየሁት ነገር የለም። አብጄ ይሆን እንዴ? እናቴ ‹ልጄ፣ ደክሞሽ ነው› እያለች ታባብለኛለች። ኃላፊያችን ደግሞ የቅዳሜውን የልጆች ንባብ ወሰዱብኝ። ‹ያላነበበችውን አነበብኩ የምትል ሰው እንዴት ለልጆች ታነባለች?› አሉኝ። አምስት ዓመት ሙሉ... ፊደል ሳይለዩ ጀምሮ የያዝኳቸው ልጆች ናቸው!»

ቦርሳው ጉልበቱ ላይ ነበር። መጽሐፏ ቦርሳው ውስጥ ነበረች። እጁን ቢሰድ ይደርስባታል። አፉን ከፈተና...

«አይዞሽ፣ ያልፋል» አላት።

ይህን ሲል ራሱን ጠላው።

አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። ማታ እራት ሲገፋ አየችውና፣ «አንተ ልጅ፣ ምን ሆነሃል? ንገረኝ» ብላ ያዘችው። ሁሉን ዘረገፈላት። የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«ብነግራት አጣታለሁ። ጋሼም ያባርሩኛል።»

«ባትነግራትስ?»

«ይረሳል... ቀስ በቀስ እንቀራረባለን።»

«ከማን ጋር? አብጃለሁ ብላ ከምታለቅስ ሴት ጋር? እንባዋን እያየህ፣ መድኃኒቱን ደብቀህ ልትወዳት ነው? ተው አንተ! የሰው ስም እኮ ቀሚስ አይደለም፤ የቀደደው ሰው ካልሰፋው ሌላ ማንም አይሰፋውም።»

እንዲህ የምትናገር እህት ያለው ሰው ተመስገን ይበል።

ዓርብ ጠዋት ጋሼ ፊት ቆመ። ሲነግራቸው እንደ ልማዳቸው አልጮኹም፤ ይህም ይበልጥ አስፈራው።

«ሰው ይሳሳታል» አሉ። «ዓይኔን እያየህ የዋሸኸኝ ነው ያንገበገበኝ። ከጠረጴዛው ውረድ። እስክወስን ድረስ ሙጫ ቀቢ ነህ።»

«እሺ ጋሼ።»

«ለመሆኑ ስትሳሳት ሐሳብህ የት ነበር?»

አንገቱን ደፋ እንጂ አልመለሰም።

ቅዳሜ ላይብረሪ ሲገባ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ኃላፊዋ መነጽራቸውን ሰክተው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በሚመስል ድምፅ ያነቡላቸዋል፤ ግማሾቹ ያዛጋሉ። ጸጥታ ጥግ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ የመጻሕፍት ካርድ ትደረድራለች። ጠራዡ በሁለቱ ሴቶች መካከል ቆመ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ ጮክ ብሎ። «እሷ አልዋሸችም። እኔ የማተሚያ ቤት ጠራዥ ነኝ። ገጾቹን ያቀያየርኳቸው እኔ ነኝ። ጥፋቴ እንዳይታወቅ መጽሐፏን የለወጥኳትም እኔ ነኝ። ይቺውና!»

ጸጥታ መጽሐፉን ነጥቃ ገለጠችው። ዘጠና ስድስት... መቶ አሥራ ሦስት!

«ይኸው!» አለች እያለቀሰች። «ይኸው፣ አላበድኩም! ይዩልኝ እስቲ!»

ኃላፊዋ አዩ። ደግመው አዩ። ከዚያ በእጃቸው የነበረውን የልጆች መጽሐፍ አቀበሏትና፣ «ነይ ልጄ፣ ልጆችሽ እየጠበቁሽ ነው። አጥፍቻለሁ» አሏት። ልጆቹ በደስታ ጮኹ።

እሷ ግን ወደ ጠራዡ ዞረች።

«መቼ ነው የወሰድካት?»

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ መቼ?»

«...ሻይ ልታመጪልኝ ስትወጪ።»

ቢመታት ይሻል ነበር። ትጮሃለች ብሎ ጠበቀ፤ እሷ ግን በሹክሹክታ፣ «ውጣልኝ» አለችው።

ወጣ። ያን ዕለት ከሰዓት ብቻውን ብዙ መንገድ በእግሩ ሄደ። ልቡ ተሰብሯል፤ ደረቱ ላይ የነበረው ድንጋይ ግን ወርዷል። ስብራትና እፎይታ አብረው እንደሚሆኑ አያውቅም ነበር።

ማግስቱን ጸጥታ የሁለቱን ቅጂዎች ፎቶ ለጥፋ እንዲህ ጻፈች፦

«ወዳጆቼ፣ እናንተም አልዋሻችሁም፣ እኔም አልዋሸሁም። አንዲት በስህተት የተጠረዘች ቅጂ እኔ እጅ ገብታ ነበር። አሁን መጽሐፉን በትክክለኛው ተራ እንደገና አነበብኩት። በዚህኛው ልጅቷ መጀመሪያ ትዋሻለች፣ ያን ልታርም ክሯን ስትቋጥር ወንድሟ ይረሳታል፤ እንደ ፊተኛው አላስደነገጠኝም፤ የሚመጣውን እያወቁ ማንበብ ግን ይብስ ያማል። አስማተኛው ሽማግሌ አሁንም ወሬ ያበዛል፤ መጨረሻው ላይም ደራሲዋ ቸኩላለች። ቢሆንም አንብቡት። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ልጅቷ ጥፋቷን ለማረም አስማት አስፈልጓታል። እኔ ግን አንድ ሰው አውቃለሁ፤ ክር ሳይቋጥር፣ በእግሩ ተመልሶ የመጣ። ለዚያ ሰው አመሰግናለሁ።»

የይቅርታው ኮሜንት ጎረፈ። ሲሰድቧት የነበሩት ዞረው መረቋት። ደራሲዋም ሳትቀር ብቅ ብላ «ያቺን ቅጂ ለእኔ ሽጪልኝ» ብላ ለመነቻት፤ እሷም «አይሸጥም» አለቻት።

ጠራዡ ይህን ጽሑፍ በቃሉ እስኪይዘው አነበበው። ግን አልሄደም። «ምስጋና ሌላ፣ ይቅርታ ሌላ» አለ ለራሱ። «በምን ፊቴ?» ሦስት ሳምንት ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ሙጫ ቀባ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ጋሼ ከቢሯቸው ደጃፍ ሆነው ተጣሩ።

«አንተ! ከነገ ጀምሮ ወደ ጠረጴዛህ ተመለስ። ይቺ ልጅ ‹ጠራዥዎን ይማሩልኝ› እያለች እየደወለች ስልክ ቁጥሬን ልታስቀይረኝ ነው። ደግሞ ዛሬ ራሷ መጥታለች።»

ብሩሹ ከእጁ ወደቀ። ጸጥታ በሩ ላይ ቆማለች።

«ጋሼ ነግረውኛል፤ ጠይቀውህ ያልመለስክላቸውን እኔ ልጠይቅህ» አለችው ቀረብ ብላ። «እንዴት ተሳሳትክ?»

ወደ ጋሼ ቢሮ ገልመጥ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እያነበብኩ ነበር። ወንድሟ ‹ማን ልበል?› የሚላት ቦታ... እንባዬ መጣ። ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ብዬ ክምሮቹን ገፋ አደረግኳቸው። ስመልሳቸው ቦታቸው ተቀያየረ።»

«ለጋሼ ለምን አልነገርካቸውም?»

«‹ጠራዡ ልብ ወለድ አንብቦ አለቀሰ› ተብሎ ልጠራ?»

ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባት።

«እኔም እዚያው ገጽ ላይ ነው ያለቀስኩት» አለችው።

«አውቃለሁ፤ ጽፈሽዋል።»

«በእግሩ ተመልሶ የመጣ ብዬ የጻፍኩትንስ አላየህም?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ቀረህ? ይቅር ካልኩህ ሦስት ሳምንት ሆነኝ እኮ! በሩ በተከፈተ ቁጥር አንተ እየመሰልከኝ... ስንቱን ሰው በፈገግታ ተቀበልኩት መሰለህ! ብትደብቀኝ ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ ራሴን ስጠራጠር እኖር ነበር። ሥራህን ልታጣ፣ እኔንም ልታጣ ቆርጠህ መልሰህ ሰጠኸኝ። እንዲህ ያደረገልኝ ሰው የለም።»

እጇን ዘረጋችለት፤ እሱ የራሱን ወደ ኋላው ደበቀ።

«ተይ፣ እጄ ሙጫ በሙጫ ነው።»

«ይጣበቃ!» አለችና ያዘችው።

በዓመቱ ተጋቡ። እሱም እስከ ዛሬ ሰዎች «ትዳር እንዴት ነው?» ሲሉት፣ ሌላ ቃል አይጨምርም፤ «ተመስገን» ይላል።