የሎርና ተርሎ አሥር ደቂቃ

የመምህርት ሎርና ተርሎ አስከሬን ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ከሆልስዊክ ገደል ሥር ተገኘ። በግንባራቸው ተደፍተዋል፤ አንደኛው የጎማ ቡትስ ከእግራቸው ወልቆ ትንሽ ራቅ ብሎ ወድቋል። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ሰባ አንድ። በማግስቱ በመንደሩ አዳራሽ ለሚቀመጠው የአቤቱታ ሰሚ ጉባኤ አሥር ደቂቃ ሊናገሩ ተመዝግበው ነበር። ጉባኤው የያዘው ጉዳይ አንድ ነው፤ በሆልስዊክ ዳርቻ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ይሠራ ወይስ አይሠራ።

መርማሪ ሮዋን ኪርሲ የደረሰችው በአምስት ሰዓት ነው። ወደ መንደሩ የሚያስገባው መንገድ አንድ ብቻ ሲሆን፣ በዚያ ሳምንት ከቀኑ ስድስት እስከ አሥር ሰዓት የባሕሩ ሙላት ይውጠው ነበር። ሮዋን እዚያው ተወልዳ፣ ሩቅ አገር ተምራ፣ አምና የተመለሰች ናት። የመጣችው የእናቷን ቤት ሸጣ ለመሄድ ነበር። ሆኖም ቤቱ ማመንጫውን ሊሠራ ባሰበው ኩባንያ ካርታ ላይ፣ የሚወሰደውን መሬት ከሚከበው ቀይ መስመር አጠገብ ስለሚገኝ እስካሁን ሊያየው የመጣ ገዢ የለም።

አስከሬኑን ያገኘው የኩባንያው የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ጁልያን ፌርክላው ነበር። በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ ጫማው ጭቃ ስለነካው የተበሳጨ ሰው ነው።

«በየቀኑ በዚህ ሰዓት እዚህ ትሄዳለህ?»

«እግሬን ላፍታታ ነው የወጣሁት። መንደር ውስጥማ ማን ያስኬደኛል? ዳቦ ቤቷ እንኳ ‹ለእናንተ የትናንቱ ይበቃል› ትለኛለች።»

«መምህርቷ ጠላትህ ነበሩ?»

«ራስ ምታታችን ነበሩ። ባሕሩ በዓመት ግማሽ ሜትር መሬት ይበላል እንላለን፤ እሳቸው በየወሩ እየለኩ ‹አንድ ሜትር ነው› ይላሉ። እሳቸው ልክ ከሆኑ ማመንጫው ዕድሜው ሳያልቅ ባሕር ውስጥ ይቆማል። ቢሆንም ሁሌ በፈገግታ ሰላም የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ።»

ሮዋን ወደ ገደሉ አፋፍ ወጣች። ረጅም የመለኪያ ሜትር ከእርሻው አጥር የማዕዘን ቋሚ ጀምሮ እስከ ጠርዙ ተዘርግቷል። አሮጊቷ ሲለኩ እግራቸው ከድቷቸው ወደቁ፤ ያየ ሁሉ እንዲህ ይላል። እሷ ግን ከሜትሩ ጫፍ ቁልቁል ብትመለከት ከድንጋይ በቀር ምንም አላየችም። አስከሬኑ ያለው ወደ ሰሜን አርባ እርምጃ ርቆ፣ ከጦርነቱ ዘመን ከቀረው የኮንክሪት ምሽግ ትይዩ ነው። ወደዚያ ሄደች። በምሽጉ ማዕዘን ላይ አዲስ የጠመኔ መስቀል ተሠርቷል። ከሟቿ ኪስ የወጣው ግማሽ ጠመኔና ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ነበር። የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ ሁለት ጊዜ አነበበችና ለማንም ሳታሳይ ኪሷ ከተተችው።

የተቃዋሚዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ሚስተር ጊልበርት ኦልደስ ቤታቸው ውስጥ በወረቀት ክምር ተከበው ነበር። ደረጃው ሳይቀር ሣጥን ተደርድሮበታል። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ሠላሳ ስድስት ሺህ ገጽ» አሉ ወደ ክምሩ እየጠቆሙ። «ኩባንያው ያስገባው። ሁሉንም አንብቤዋለሁ። ባለቤቴ ‹ወይ እኔ ወይ ወረቀቱ› ብላኝ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ስንተኛው ገጽ ላይ እንደሄደች አላስታውስም።» ሊስቁ ሞከሩ። «አሥራ አንድ ዓመት ነው ልጄ። አንድ ቀን እንኳ የማስገቢያ ጊዜ አሳልፌ አላውቅም። እነሱ አንዲት ቀን እንድናሳልፍ ነው የሚጠብቁት።»

«ሎርናን መጨረሻ ያነጋገሯቸው መቼ ነው?»

«እሑድ። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ።»

«ከዚያ ወዲህ ስልክ? መልእክት?»

«ምንም። ዛሬ ጠዋት ሻዬን እየጠጣሁ እንኳ ስለ ነገው ንግግሯ ነበር የማስበው። ጠበቆቻቸውን እንዴት እንደምታፋጥጣቸው! ከዚያ አራት ሰዓት አለፍ ሲል ያ የኩባንያው ልጅ መጥቶ በሬን አንኳኳና መሞቷን ነገረኝ።»

የገደሉ አፋፍ እርሻ ባለቤት ሄስተር ስማይ ላሞቿን ስታበላ ነበር። ቤቷም በረቷም እርሻዋም በቀዩ መስመር ውስጥ ናቸው። ማመንጫው ከተፈቀደ መሬቱ በግዴታ ይወሰድባታል፤ እስኪወሰን ድረስ ደግሞ ልሽጠው ብትል የሚገዛት የለም።

«የባለ ሱቋ ልጅ! በመጨረሻ ልታስሪኝ መጣሽ?» አለች ባልዲውን ሳታስቀምጥ።

«የምታሰሪበት ነገር ሠርተሻል?»

«ግብር አዘግይቻለሁ። ለዚያ ገመድ ካላችሁ አምጡ።»

«ሎርና እሑድ ማታ እዚህ መጥተው ነበር። የጎረቤትሽ ልጅ አይታቸዋለች።»

ባልዲው ተንጋደደ። «እንቁላል ልትገዛ ነው።»

«ስለ አጥሩ ቋሚ አልጠየቁሽም?»

«ስለ ምኑ?» ሄስተር ፊቷን ወደ ላሞቹ መለሰች። «ሮዋን፣ እኔ ሥራ አለብኝ። አንቺ እንደ ፈለግሽ ትመጫለሽ ትሄጃለሽ። እኔ ከዚህ ወዴትም መሄጃ የለኝም።»

ሮዋንም ብትሆን የምትሄድበትን ካጣች ዓመት ሊሞላት ነው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ባሕሩ መንገዱን ዘጋው። ሮዋን በመንደሩ አዳራሽ በር ላይ ቆማ የተለጠፈውን ወረቀት አነበበች፤ የነገ ተናጋሪዎች ስም ዝርዝር ነው። ጁልያን ከጀርባዋ መጣ።

«ይህን ማን ለጠፈው?» አለችው።

«የጉባኤው ጸሐፊ፤ ዛሬ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ። ዝርዝሩ በጉባኤው ዋዜማ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ስሙ የወጣ ሰው ካልተገኘ ደቂቃው ይቃጠላል። ከሦስት ሰዓት በኋላ ንጉሡ ቢመጡም አይለወጥም።»

«ሰው ቢሞትስ?»

«መመሪያው ስለ ሞት የሚለው ነገር የለም።»

ሮዋን ዝርዝሩን እንደገና ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ደወለች፤ ንግግሩ ከሁለት ደቂቃ አላለፈም።

ስምንት ሰዓት ላይ ጁልያን፣ ሚስተር ኦልደስና ሄስተር በአዳራሹ ተቀምጠው ነበር። በሩ አጠገብ አንድ ፖሊስ ቆሟል። ግድግዳው ላይ የኩባንያው ካርታ ከነቀይ መስመሩ ተሰቅሏል።

«እስከ አሥር ሰዓት መንገድ የለም» አለች ሮዋን። «ስለዚህ የሚቸኩል ሰው የለንም።»

«የታሰርነው በባሕሩ ነው በአንቺ?» አለች ሄስተር።

«ለጊዜው በባሕሩ። መጀመሪያ ስለ ሜትሩ ልንገራችሁ። ሜትሩ ከአጥሩ ቋሚ ነው የተዘረጋው። ሎርና የወደቁት ግን ከምሽጉ ፊት ለፊት ነው። የወደቀ ሰው ቁልቁል ይሄዳል እንጂ አርባ እርምጃ ወደ ጎን አይሄድም። ስለዚህ እሳቸው ከወደቁ በኋላ አንድ ሰው ሜትሩን ከምሽጉ አንሥቶ ቋሚው ጋ ዘርግቶታል፤ እንደ ወትሮው ከቋሚው ሲለኩ የሞቱ እንዲመስል። ባሕሩ ስድስት ሰዓት ላይ ሞልቶ ቢያገኛቸው ኖሮ አስከሬኑን ያንከባልለው ነበር፤ የት እንደወደቁም ማንም አያውቅም ነበር። ጁልያን ባሕሩን ቀደመው።»

ጁልያን አንገቱን ደፋ።

«ሁለተኛው ይህ ነው።» ደብተሩን አወጣች። «የእሑድ ማታ ጽሑፍ ነው፤ ላንብብላችሁ። ‹የማዕዘኑ ቋሚ ቦታውን ለቋል። ከድሮው የአየር ፎቶ ጋር አመሳከርኩት። ከስድስት ዓመት በፊት በማዕበሉ ሄደ ካልነው ስምንት ሜትር፣ ስድስቱ አልሄደም። ከእንግዲህ የምለካው ከምሽጉ ነው። ሐሙስ ስሕተቴን ራሴ እናገራለሁ።›»

ሮዋን ደብተሩን ዘጋች። ባሕሩ በሩቁ ይሰማ ነበር።

«ኩባንያው ነበር ልክ?» አለ ጁልያን ቀስ ብሎ።

«በዚህ ነገር አዎን። ስለዚህ የእሳቸው ሞት አንተን ይጎዳሃል እንጂ አይጠቅምህም። ነገ መጥተው ቢናገሩ አሸናፊው አንተ ነበርክ። ይህን አታውቅም ብንል እንኳ፣ ገዳይ ከባሕሩ ቀድሞ አስከሬኑን አይጠቁምም። መንደሩ ሁሉ ዛሬ የሚጠረጥረው አንተን ነው፤ ሁሉም ያሰበው ሎርና ሊቃወሙ ነበር ብሎ ነውና። የቀድሞው የልኬት ጽሑፋቸው በመዝገብ ላይ አለ። ደራሲዋ ከሞቱ ያንን ጽሑፍ ማን ያርመዋል? ጠበቃ በጥያቄ የሚያፋጥጠውስ ማንን ነው? እሳቸው ዝም ካሉ የሚድነው ተቃውሞው ነው።»

ሄስተር ብድግ አለች። «እኔ ነኝ!»

«ምኑ ነሽ?»

«ቋሚውን የተከልኩት። ያን ክረምት ማዕበሉ አጥሬን ነቅሎ ወሰደው። የድሮው ጉድጓድ ውኃ ሞላ፤ ስድስት ሜትር ወደ ባሕሩ አስጠግቼ ደረቁ ላይ ተከልኩት። ከእሱ እንደምትለካ በምን አውቄ! ያወቅኩት ጽሑፏ ሲታተም ነው። ያን ጊዜ ደግሞ... ቤቴን ያቆየልኝ ያ ቁጥር ብቻ ነበር። እሑድ መጥታ ስትጠይቀኝ ‹አልነካሁትም› አልኳት። ፊት ለፊቷ ዋሸኋት። አልገደልኳትም ግን።»

«አውቃለሁ፤ ተቀመጪ» አለች ሮዋን። «ሜትሩን ያዛወረው ሰው ፖሊስ ሁሉ ቋሚውን እንዲያይ ነው ያደረገው። የቋሚውን ጉድ የደበቅሽው አንቺ ብትሆኚ፣ ሰው ዓይን እንዲጥልበት የምታደርጊው የመጨረሻው ነገር እሱ ነበር። ይህ ቋሚውን ከልቡ ሲያምንበት የኖረ ሰው ሥራ ነው።»

ከዚያ ወደ ሚስተር ኦልደስ ዞረች።

«ሚስተር ኦልደስ፣ ማስረጃ ሲታረም በማን በኩል ነው የሚሄደው?»

«በማኅበሩ ወኪል።»

«በእርስዎ። ሎርና ደንብ አክባሪ ነበሩ፤ ከጉባኤው በፊት ለእርስዎ ሳይነግሩ አይሄዱም።»

«ነገርኩሽ እኮ፤ ከእሑድ ወዲህ አላገኘኋትም።»

«ነግረውኛል። ሻይ እየጠጡ ስለ ነገው ንግግራቸው ያስቡ እንደነበረም ነግረውኛል። መሞታቸውን የሰሙት አራት ሰዓት ላይ ነው፤ አይደል?»

«አራት ሰዓት።»

«በዚህ በር ላይ የተለጠፈው ዝርዝር ሦስት ሰዓት ላይ የተዘጋ ነው። ሎርና ተርሎ የሚል ስም የለበትም። በእሳቸው ቦታ ‹ጊልበርት ኦልደስ፣ አሥር ደቂቃ› ይላል። ለውጡን የጠየቀው ደብዳቤ ለጸሐፊው የደረሰው ለሦስት ሰዓት ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ ከእርስዎ ኮምፒውተር።»

ሚስተር ኦልደስ ወረቀቱን አላዩትም። ካርታውን ነበር የሚያዩት።

«እንዳታመልጥ ብዬ ነው» አሉ።

«ማን?»

«ደቂቃዋ። አሥሯ ደቂቃ።» ድምፃቸው የራሳቸው አይመስልም ነበር። «ከገደሉ ስወርድ ሰዓቴን አየሁ። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ነው። እንዴት እንደጻፍኩት አላውቅም። የማስገቢያ ጊዜ አሳልፌ አላውቅም።»

«ገደሉ ላይስ ምን ሆነ?»

«ምስክር ሁነኝ ብላ በማለዳ ቤቴ መጣች። ምሽጉ ጋ የሜትሩን ጫፍ እኔ ያዝኩላት። እሷ ጠርዙ ላይ ቆማ ቁጥሩን አነበበች። ‹ጊልበርት፣ ተሳስተናል፤ ግን ደግ ነው፣ ሳይረፍድ አወቅነው› አለችኝ። ሳይረፍድ! ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ሚስት የለችኝ፣ ያለኝ ያ ወረቀት ብቻ ነው። ለመንኳት። ‹አርብ ተናገሪ፣ ሐሙስ ይለፍ› አልኳት። ‹ሐሙስ ነው የተመዘገብኩት› አለችኝ።» እጃቸውን ገልብጠው አዩት። «ገፋኋት።»

ሄስተር አፏን በመዳፏ ያዘች። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ማንም ከመንደሩ መውጣት አልቻለም። ገዳይ፣ መርማሪ፣ የኩባንያው ሰውና ባለ እርሻዋ በአራት ወንበር ተቀምጠው ውኃው እስኪጎድል ጠበቁ። ጁልያን በመሐል ሻይ አፍልቶ አመጣ፤ ለሚስተር ኦልደስም ሰጣቸው።

ሐሙስ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። የጉባኤው ሰብሳቢ ቀጭን፣ ትሑት ሴት ነበሩ። «ሚስተር ጊልበርት ኦልደስ» ብለው ጠሩ። መልስ የለም። እንደገና ጠሩ። ከዚያ ጸሐፊው ስሙን ሰረዘ፤ አሥሯም ደቂቃ ተቃጠለች።

«ወይዘሮ ሄስተር ስማይ። እንደ ባለ መሬት ሦስት ደቂቃ አለዎት።»

ሄስተር ተነሣች። የእሑድ ልብሷን ለብሳለች። ከኋላ ወንበር ሮዋን ተቀምጣ ነበር፤ ሄስተር ግን ዞር ብላ አላየቻትም። ስለ ቋሚው ተናገረች። የት እንደነበረ፣ የት እንደተከለችው፣ ስድስት ሜትር መሆኑን፣ እንደዋሸች። የኩባንያው ጠበቆች ይጽፉ ነበር። ከመንደሩ ሰው አንዱ «ሸጥሽን!» ብሎ ጮኸ፤ ሌላው ዝም አሰኘው።

«እናመሰግናለን» አሉ ሰብሳቢዋ። «ይህ በመዝገብ ይሰፍራል። እንግዲህ ተቃውሞዎን ትተዋል ማለት ነው?»

«አልተውኩም።»

«ግን የተቃውሞው መሠረት ይህ ልኬት ነበር። በምን ምክንያት እንበል?»

«እዚያ ነው የምኖረው» አለች ሄስተር።

ጸሐፊው የተቃውሞ ምክንያት የሚሞላበትን ቅጽ ከላይ እስከ ታች አየው። የባሕር ዳርቻ የሚል ሣጥን አለ፤ የመንገድ መጨናነቅ የሚል፣ ድምፅ የሚል፣ አእዋፍ የሚል አለ፤ እዚያ እኖራለሁ የሚል ግን የለም። እስክሪብቶውን አንሥቶ ወደ ሰብሳቢዋ ተመለከተ፤ እሳቸውም ወደ ሄስተር።

«አንድ ደቂቃ ይቀርዎታል» አሏት።

ሄስተር አልተቀመጠችም።