አደራ የተባለው ድንጋይ

ማመን አለማመን የናንተ ነው። እኔ ግን ፎቶውን በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ...

ነገሩ የሆነው አምና ነሐሴ ላይ፣ ከጉና ሥር፣ ጉም መሬት በወረደበት ቀን ነው። ልክ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ዘመኑ ደብረ ታቦር ላይ ከሱቄ ጎን ሞባይል ይጠግናል። እጁ ፈጣን ነው፤ አንዳንዴ ከልቡ ይቀድማል።

ታላቅ እህቱ ማስተዋል ዓረብ አገር ከመሄዷ በፊት ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። አርባው ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው ሞተ። ክርስትና ስላልተነሳ ቤተ ክርስቲያን አልተቀበረም። ከጉና ሥር ካለው የወላጆቻቸው ቤት ጓሮ አሳረፉት።

ምልክት እንዲሆናት አባቷ ድሮ ከዓባይ በረሃ ያመጡትን ድንጋይ አስቀመጠችበት። እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዘ ነው፤ በጥንት ዘመን የባሕር እንስሳ ነበር ይባላል።

"ወንድምዓለም፣ አደራ" ብላው ሄደች።

አደራውን በላ።

የድንጋዩን ፎቶ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ቅሪተ አካል የሚሰበስብ አንድ የአዲስ አበባ ሰው ገዛው። ጓሮው ለድንች ከታረሰ በኋላ ዘመኑ የወንዝ ድንጋይ አምጥቶ በግምት አኖረ። መቃብሩ የት እንደነበር አላስታወሰም...

ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣ።

እሑድ እሑድ ከከተማ ሲመጣ ድንጋዩ ወደ ቤቱ ፈቀቅ ብሎ ያገኘዋል። መጀመሪያ አንድ ስንዝር... ቀጥሎ አንድ ክንድ...

"በጎቹ ናቸው" ይላል ለራሱ።

በጎቹ ግን ወደዚያ ጓሮ መግባት ካቆሙ ሰንብተዋል።

ሲያነሣው ደግሞ ሥሩ ይሞቃል። በጉና ብርድ!

ማስተዋል ጉም በወረደበት በዚያ ቀን ከዓረብ አገር መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደች። ተንበርክካ ድንጋዩን ዳሰሰችው።

"ይሄ አይደለም" አለች በሹክሹክታ።

"ነው እታለም... ዝናብ አጥቦት ነው።"

"ዘመኑ... ልጄ የት ነው?"

እውነቱን ሊናገር አፉን ሲከፍት ስልኩ ጠራ። ገዢው ነው።

"ምንድን ነው የሸጥክልኝ?" አለ። "ውስጡ እንዲታይ ለሁለት አስቆረጥኩት... የላክኩልህን እየው።"

ፎቶውን ከፈተው።

ድንጋዩ በመጋዝ ተከፍሏል። ከጥምዝምዙ መሃል፣ አለት ብቻ መሆን በነበረበት... ክር አለ። ጥቁር፣ ቀይ፣ ሰማያዊ። የሕፃን አንገት የሚያህል ሆኖ ተቋጥሯል።

እርጥብ ነው።

ማስተዋል ስልኩን ከእጁ ወሰደች።

"ማተቡ ነው። ለክርስትናው የገመድሁት... አላሰርሁለትም እኮ። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ነው የያዝሁት።"

ከደረቷ ትንሽ ከረጢት አወጣች። ቋጠሮው እንደታሰረ ነው። ፈታችው።

አፈር ብቻ...

"ሽጬው ነው፣ እታለም" አለ ዘመኑ። እንባው ወረደ። "ይቅር በይኝ... የት እንዳለ አላውቅም።"

የእሷ ዓይን ግን ከጀርባው ነው።

ዞረ።

የወንዙ ድንጋይ ቅድም የዳሰሰችበት ቦታ የለም። ማንም አላነሣውም።

ቤቱ በር ላይ፣ ከደፉ ሥር ተቀምጧል...