ሊብስ ይችል ነበር

ከሆላንድ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከባሕሩ ግድብ ሥር፣ ኦልደርዊርድ በምትባል መንደር ለሁሉም ነገር የሚሆን አንድ መልስ አለ። «ሊብስ ይችል ነበር» ይላሉ። ድንቹ ጎተራውን ሞልቶ ሲያጣብብ «አዝመራው እንዴት ነው?» ብትሏቸው መልሱ ይኸው ነው። ዝናብ ሰብሉን አበስብሶ ሲጨርሰውም ያው ነው። ኤፖ የተባለው ገበሬ በሠርጉ ቀን «ሙሽሪትስ እንዴት ናት?» ቢሉት፣ «ሊብስ ይችል ነበር» አለ። ሙሽሪት ትሪንቼም ቀላ ብላ ሳቀች፤ የዚያው አገር ልጅ ናትና ከዚህ የበለጠ ሙገሳ እንደማይመጣላት ታውቃለች።

ደስ የሚል ጠባይ ነው ትሉ ይሆናል። ለአዝመራና ለሠርግ ሲሆን እውነትም ደስ ይላል። ለተሰነጠቀ ግድግዳ ሲሆን ግን ምን እንደሚያመጣ እስቲ ስሙ።

ከመንደሩ ሥር፣ በጥልቁ አለት ውስጥ የተፈጥሮ ጋዝ አለ። ኤፖ ልጅ ሳለ ጀምሮ አንድ ኩባንያ ሲያወጣው ኖሯል። ምድር ደግሞ ከሆዷ ሲወሰድባት ዝም ብላ አትቀመጥም። መጀመሪያ ብርጭቆ አንቀጫቀጨች፤ ቀጥላ ከግድግዳ ላይ ሥዕል ጣለች፤ በመጨረሻ የኤፖ ቅድመ አያት በቀይ ጡብ የሠራውን ቤት ከጭስ ማውጫው እስከ ጓዳው ድረስ ሰነጠቀችው። ኤፖ ኖራ በጥብጦ ይደፍናል፤ እሷ መልሳ ትከፍታለች።

«ኤፖ» አለችው ትሪንቼ አንድ ጠዋት ጓዳ ቆማ፣ «አምና በዚህ ቀዳዳ ቢላዋ አይገባም ነበር። ዛሬ እጄ ገባ።»

«አንቺ ደግሞ እጅሽን ምን አስገባሽ?»

«ቀልዱን ተወውና ለኩባንያው ሰዎች እንንገራቸው። ይህ ግድግዳ ጭስ ማውጫውን ተሸክሞ ነው የቆመው።»

«የገዛ ገመናችንን? የባሰም ቤት አለ እኮ። የጎረቤታችን የግሪቼ በረት በእንጨት ተደግፎ የቆመ አይደል እንዴ?»

ይህን ብሎ ትልቁን የሳህን ቁምሳጥን እየገፋ አምጥቶ ስንጥቁ ላይ አቆመው። ለእሱ ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ልጃቸው ሂልዬ ከተማ ነው የምትኖረው። ሥራዋ በየቤቱ ጣሪያ ላይ ከፀሐይ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ሰሌዳ መግጠም ነው። አንድ እሁድ የሰናፍጭ ሾርባ ከበው ሲበሉ፣ ጎረቤታቸው ግሪቼም አብራ ሳለች፣ ሂልዬ ወሬውን አነሣች።

«አባባ፣ የበረቱ ጣሪያ ፊቱ ወደ ደቡብ ነው። ፀሐይዋ በነጻ ትፈስበታለች። ከግጦሹ ዳር ደግሞ መንደሩ በጋራ አንድ የነፋስ ተርባይን ቢተክል ጋዙን ቀስ በቀስ መተው ይቻላል። መቼም እዚህ አገር ነፋስ አነሰን ብሎ ያማረረ የለም።»

«እዚህ አገር በምንም ያማረረ የለም» አለች ትሪንቼ ሾርባዋን እያማሰለች።

«ነፋስ መብራት የሚሆን ከሆነማ» አለች ግሪቼ፣ «የእኔን ባል ባቄላ ቀቅዬ ላብላው፤ አውራጃውን ያበራዋል።»

ሁሉም ሳቁ። ኤፖም ስቆ ሲያበቃ ራሱን ነቀነቀ። «ያን የሚሽከረከር ግንድ ግጦሼ ላይ? ላሞቼ ይደነግጣሉ። አባቶቻችን ከብርድ የወጡት በጋዝ ነው። የበላንበትን ወጪት ሰባሪ አንሁን።»

ብዙም ሳይቆይ ኩባንያው የቤቶችን ጉዳት የሚያይ ሰው ላከ። ከወደ ምዕራብ ከተሞች የመጣ ትሑት ወጣት ነው፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ።

«የቤቱ ጉዳት እንዴት ነው፣ አቶ ኤፖ?»

«ሊብስ ይችል ነበር።»

«ማታ ማታ ስትተኙ ስጋት አለባችሁ?»

«ኧረ ምን ያሰጋል።»

ትሪንቼ በዓይኗ ቁምሳጥኑን አመለከተችው። ኤፖ እያየ እንዳላየ ሆነ። እንግዳ ፊት የተሰነጠቀ ግድግዳ መግለጥ፣ እሱ ባደገበት ወግ፣ በውስጥ ልብስ ደጅ እንደ መውጣት ነው። ወጣቱም አልዋሸም፤ እሱ ባደገበት ከተማ «ሊብስ ይችል ነበር» ማለት «ደህና ነው» ማለት ስለሆነ የሰማውን ይዞ ሄደ። በየቤቱ የሰማው ይህንኑ ነበር።

ቅጠል ሲረግፍ በመንደሩ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። በቀላሉ የሚወጣው ጋዝ እያለቀ ነው፤ ስለዚህ ኩባንያው ውኃና አሸዋ ከኬሚካል ጋር ደባልቆ፣ በኃይለኛ ግፊት ወደ አለቱ እየለቀቀ፣ አለቱን ሰነጣጥቆ የቀረውን ሊያወጣ አስቧል። የኩባንያው ተወካይ ይህን ሁሉ በለሰለሰ አንደበት አስረዳ። ሂልዬ ከአባቷ ጎን ተነሣች።

«ጋዙ ሲወጣ ብቻ ይህን ያህል ከተንቀጠቀጥን፣ አለቱን ሆን ብላችሁ ስትሰነጥቁትስ? የጉድጓድ ውኃችንስ ምን ይሆናል?»

«ስጋትሽ ይገባኛል፣ እህቴ» አለ ተወካዩ። «ግን ቤት ለቤት ሄደን ጠይቀናል። ሊብስ ይችል ነበር ያላችሁን እናንተው ናችሁ። ተሳስቻለሁ?»

አንድ ሰው እንኳ ተሳስተሃል አላለም። ሁሉም ጫማ ጫማውን ያያል።

«አባባ፣ ቁምሳጥኑን ንገራቸው» አለች ሂልዬ።

ኤፖ እጅጌዋን ጎተተ። «ተቀመጪ። ሰው ፊት አታዋርጂን።»

ተቀመጠች። ፈቃዱም ተሰጠ። ወደ ቤት ሲመለሱ ትሪንቼ አንገቷን እንደ ደፋች ስለነበር ኤፖ ሊያጽናናት ፈለገ።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አላት።

«ምግብም አይገባበትም» አለችው።

አለቱን መሰንጠቅ ተጀመረ። ብርዱ ሳይወጣ፣ በአንድ ቀትር፣ ትሪንቼ ከቤቱ ጀርባ ልብስ ስታሰጣ ምድሩ ዘለለ። ጭስ ማውጫው ከስንጥቁ ጀምሮ ተገንጥሎ ወረደ። ኤፖ ከበረት ሮጦ ሲደርስ በጡብ ክምር መካከል ተቀምጣለች፤ አንድ እጇ ተሰብሯል፤ በደኅናው እጇ ጎኗን ይዛለች። ግሪቼ በመኪናዋ ሁለቱንም ጭና ወደ ሐኪም ቤት በረረች።

ሐኪም ቤቱ ከየመንደሩ በመጣ ቁስለኛ ተጨናንቋል። ሐኪሙ የዚያ አገር ሰው አልነበረም። የተሰበረ እጇን አሰረላት፣ ሆዷን ዳሰሰ።

«ጎንዎን በጣም ያምዎታል?»

ትሪንቼ ፊቷ ኖራ መስሏል። የኤፖን እጅ እስኪደነዝዝ ድረስ ጨብጣዋለች።

«ሊብስ ይችል ነበር» አለች።

«ጎበዝ ነዎት» አላት ሐኪሙ ፈገግ ብሎ። «እቤትዎ ይረፉ፤ ከባሰብዎት ተመልሰው ይምጡ።» ወደ ሌላው በሽተኛ ዞረ።

ኤፖ ግን ያውቃል። ሂልዬን ስትወልድ እንኳ እጁን እንዲህ አልጨበጠችውም። «ዶክተር፣ አይመኗት፤ እያመማት ነው» የሚለው ቃል አፉ ድረስ መጣለት። ዙሪያውን አየ። የሚያቃስት ሞልቷል፤ ራሱ የተፈነከተ ሽማግሌ አለ፤ እናቱን የሚጣራ ልጅ አለ። ከእኛ የባሰ አለ ብሎ አሰበና ቃሉን ዋጠው።

«በረደኝ» አለች ትሪንቼ በመንገድ ላይ። ኮቱን አውልቆ ደረበላት። የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ ሲታይ ራሷ ትከሻው ላይ ዘንበል አለ። የተኛች መስሎት ነበር። ግሪቼ በመስታወቱ አይታ መኪናውን ባለበት አቆመች። ጎኗ ውስጥ ሲፈስ የቆየው ደም ጨርሷት ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ስብሰባ ተጠራ፤ ያው አዳራሽ፣ ያው ተወካይ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ከመድረኩ ወርዶ ኤፖ ፊት ቆመና እጁን ዘረጋለት።

«በእውነት አዝናለሁ፣ አቶ ኤፖ። እንዴት ሰነበቱ?»

መልሱን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ኤፖ ተነሣ።

«ከዚህ አይብስም» አለ።

ያን ቃል በዚያ መንደር ከዚያ በፊት የሰማ የለም። ሂልዬ ክንዱን ልትደግፈው ተነሣች፤ እሱ ግን መናገሩን ቀጠለ።

«ጓዳዬ ውስጥ ቁምሳጥን አለ። ከኋላው እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ነበር። ሚስቴ አሳየችኝ፤ እኔ ሸፈንኩት። የላካችሁት ልጅ ሲጠይቀኝ ደበቅኩት። ልጄ ተናገር ስትለኝ አፏን አስዘጋሁ። ሐኪሙ ፊት ደግሞ የትሪንቼን ሕመም እያወቅሁ ዝም አልኩ።» ወደ ጎረቤቶቹ ዞረ። «እናንተም ቁምሳጥናችሁን ታውቁታላችሁ።»

ግሪቼ ተነሣች። «የእኔ ከአልጋዬ ራስጌ ነው» አለች። ዳቦ ጋጋሪው የምድጃውን መሠረት ተናገረ። ቄሱ የመንበሩን ግድግዳ ተናገሩ። አንዲት እናት ልጆቿን ልብሳቸውን እንደ ለበሱ እንደምታስተኛቸው እያለቀሰች ተናገረች። ተወካዩ ወደ መድረኩ አልተመለሰም፤ እዚያው ቆሞ ሰማ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ረጅም ሙግት ነው፤ በመጨረሻም አለት መሰንጠቁ ቀረ። ምድሪቱ ግን ዛሬም አልፎ አልፎ ትንቀጠቀጣለች፤ የተወሰደባት ነገር አልተመለሰላትምና። የኤፖ ቤት ፈርሷል። እሱ ከበረቱ አጠገብ በተሠራች አነስተኛ የእንጨት ቤት ውስጥ ይኖራል። ጣሪያዋ ላይ ሂልዬ የገጠመችው ሰሌዳ አለ፤ ከግጦሹ ዳር የመንደሩ ተርባይን ይሽከረከራል። ላሞቹም አልደነገጡም፤ ቀትር ላይ ከጥላው ሥር ይተኛሉ። ኤፖ ይህን ባየ ቁጥር በራሱ ይበሳጫል፤ ቢበሳጭም ይገባዋል።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ትዕግሥት መልካም ነው፤ አመስጋኝነትም መልካም ነው። ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ከእግራችሁ ሥር ምድሩን ሊቆፍር የሚመጣ ሰው የዝምታችሁን ትርጉም አያውቅም፤ ቢያውቅም ለእሱ እንደሚመቸው ነው የሚተረጉመው። ስንጥቅ ላይ ያቆማችሁት ቁምሳጥን ካለ ዛሬውኑ አንሡት፤ ሚስት ወይም ልጅ አይታ ስትነግራችሁም አትሳቁባት።

ሂልዬ አሁንም እሁድ እሁድ ትመጣለች። በር ላይ ሆና «እንዴት ዋልክ፣ አባባ?» ትለዋለች። አሮጌው መልስ የኤፖ ምላስ ላይ ይመጣል፤ እሱ ግን መልሶ ይውጠዋል።

«ዛሬ ከፍቶኛል» ይላታል።

እሷም ኮቷን ሳታወልቅ አጠገቡ ትቀመጣለች።