የእትዬ ዘሃራ የፓምፕ ስክሪን

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ነበርኩ፣ ወላሂ፣ ሸዋሮቢት ላይ ኤሌክትሮኒክስ ስጠግን ስኖር ጅን ያበላሸው ዕቃ አንድም ቀን ገጥሞኝ አያውቅም፣ ሁልጊዜ ወይ ሙቀት ነው ወይ አቧራ። ይሄኛውን ግን አንተው ፍረደኝ።

እትዬ ዘሃራ ቀወት ውስጥ ሽንኩርት ያለማሉ፣ የሶላር ፓምፓቸውን የሚያዘው ሊኑክስ የሚባል ሲስተም የተጫነበት ትንሽ ኮምፒውተር ነው፣ የጉድጓዱን ውሃ ከፍታ የሚያሳየው ስክሪን ተቃጠለና፣ ያለ ስክሪን ደግሞ ፕሮግራሙ ፓምፑን አያስነሳም፣ ሽንኩርቱ መጠውለግ ጀመረ። ያገኘሁላቸው ስክሪን ርካሽ ነው፣ ጎን ለጎን በተዘረጉ ስምንት ሽቦዎች የሚላክለትን ይቀበላል፣ ሊኑክሱ ግን አያውቀውም፣ ስለዚህ ሁለቱን የሚያግባባ ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚሉትን፣ ራሴ ጽፌ በቀትር ማሳቸው ድረስ ሄድኩ።

ድራይቨሩን ገና አልጫንኩም፣ ስምንቱም ሽቦዎች እጄ ላይ ናቸው፣ የሰካሁት የኃይሉን ብቻ ነው፣ ስክሪኑ ጥዝዝ አለና ከላይ ወደ ታች፣ ነጠብጣብ በነጠብጣብ፣ መጻፍ ጀመረ። በአማርኛ! እመነኝ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ እንኳ የአማርኛ ፊደል የለም።

«እማ፣ ውሃ» ይላል።

እትዬ ዘሃራ ማንበብ አይችሉም። «ምን ይላል ልጄ?» አሉኝ፣ ዝም ብል ይሻል ነበር፣ አነበብኩላቸው። እዚያው ትልሙ ላይ ቁጭ አሉ።

«እማ የምትለኝ ሀሊማ ብቻ ናት።»

ሀሊማ ልጃቸው ናት፣ በጅቡቲ በረሃ በኩል ወደ ሳውዲ ብላ በእግሯ ከወጣች ሦስት ዓመቷ፣ ድምጿ ጠፍቷል።

«የት ነሽ በላት! ጠይቃት!»

«እትዬ፣ ይሄ የተላከለትን ያሳያል እንጂ አይሰማም።»

«ታዲያ ይሄን ማን ላከለት?»

እጄ ላይ ያሉትን ሽቦዎች አየኋቸው። ጽሑፉ ከታች ጀምሮ ይጠፋ ጀመር፣ እሳቸው እንዳይሄድባቸው በመዳፋቸው ሸፈኑት፣ እኔም ኃይሉን ነቅዬ ሰካሁ፣ ሽቦዎቹን ገጠምኩ፣ ድራይቨሩን ጫንኩ፣ አወጣሁ፣ ደግሜ ጫንኩ፣ የመጣው የውሃው ከፍታ ቁጥር ብቻ ነው። ፓምፑ ተነሳ።

ውሃው በቦዩ ሲወርድ ዞር ብለው አላዩትም፣ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ነው።

«ያ ረቢ፣ አሁን ጠጥታ ይሆን?» አሉኝ።

ይኸው እስከ ዛሬ አልመለስኩላቸውም፣ ወደዚያ ሥራ ሲኖረኝም የተሳፈርኩበትን ባጃጅ በሌላ መንገድ አስነዳለሁ።