የሚኒስትሩ አውራ ጣቶች

ኦስካር ቱልቪ የሞቱት ኦክስጅን ጠፍቶ አልነበረም። ሙሉ ሲሊንደር ራስጌያቸው ቆሞ፣ የሚከፍትላቸው ሰው ጠፍቶ ነው። ፖሊስ ጥፋተኛዋን አግኝቻለሁ ብሎ ያምን ነበር፤ ሶሬቲ የምትባል የቤት ለቤት አስታማሚ። ቀኑ ሳይጋመስ ሊያስራት አስቧል።

የአውራጃው የአስከሬን መርማሪ መቅሊት፣ አፕል ቫሊ ከተማ ከሚገኘው የሟቹ ቤት ስትደርስ፣ መርማሪ ፖሊሱ ኦልሰን መኝታ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

«ነገሩ ቀላል ነው» አላት። «ትናንት ማታ በረዶው በአካባቢው ሁሉ በአንድ ጊዜ መብራት አጠፋ፤ የኦክስጅን ማሽኑ ቆመ። ያን ጊዜ ቱቦውን ወደ ሲሊንደሩ አዙሮ መክፈት የአስታማሚው ሥራ ነው። ልጅቷ ግን ተተኪዋ ሳይመጣ ቤቷ ሄዳለች።»

«ተተኪዋ ማነው?»

«ክፍሌ የሚባል ያገርሽ ሰው። በረዶ ይዞት ብሩክሊን ሴንተር አደረ። ጠዋት ሲደርስ ሞተው አገኛቸውና ደወለልን። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቶ አንድ ወቀሳ የለበትም።»

መቅሊት ገባች። ሽማግሌው በጀርባቸው ቀጥ ብለው ተጋድመዋል፤ ሰውነታቸው ደርቋል። ዓይናቸውም አፋቸውም ተከድኗል። ታፍኖ የሞተ ሰው እንዲህ ተስተካክሎ አይተኛም። ጣቶቻቸው በቁርጥማት ተቆልምመዋል፤ ማንኪያ እንኳ የሚይዙ አይመስሉም። ከአፍንጫቸው የወጣውን ቱቦ በዓይኗ ተከተለችው። ጫፉ የተሰካው ማሽኑ ላይ ሳይሆን ሲሊንደሩ ላይ ነበር። የሲሊንደሩ መክፈቻ ግን ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል።

ብርድ ልብሱን ከእግራቸው ገለጠች። በሁለቱ አውራ ጣቶች ዙሪያ የጨርቅ ሽመና ያተመው ስስ መስመር ይታያል። እጃቸውን አየች። አውራ ጣቶቹ ላይ ያው መስመር አለ።

«ካልሲ ይሆናላ» አለ ኦልሰን።

«እጅ ላይ የሚጠለቅ ካልሲ አይተህ ታውቃለህ?» አለችው።

የሟቹን ልጅ ማሬትን ያገኘቻት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ማሬት ከሴንት ፖል ጠዋት የደረሰችበትን የእራት ቀሚስ እንኳ አልቀየረችም።

«አባቴን ታውቂያቸዋለሽ?» አለቻት፣ እንግዳ እንደምታስተዋውቅ ደረቷን ነፍታ። «ኤስቶኒያ ነፃ ስትወጣ የትምህርት ሚኒስትር ነበሩ። የሶቪየቱን መጽሐፍ ከየትምህርት ቤቱ ያስወጡ፣ ሩሲያኛን ከመማሪያ ክፍል ያባረሩ እሳቸው ናቸው። ቅዳሜ ሴንት ፖል ያለ ኮሌጅ የክብር ዶክትሬት ሊሰጣቸው ነበር። ትናንት ማታ የዝግጅቱ እራት ላይ ነበርኩ፤ በረዶው ሆቴል አሳደረኝ።»

«ከነፃነቱ በፊትስ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ያስተምሩ ነበር። ሌኒንግራድም ጥቂት ዓመት ኖረዋል።» ማሬት የቡና ስኒዋን ገፋ አደረገችው። «ስለ እሱ ቤታችን ውስጥ አይወራም። የዚያን ዘመን ነገር የሚቆሰቁስ የለም።»

«መጨረሻ ያነጋገርሻቸው መቼ ነው?»

«ከእራቱ መሀል ወጥቼ ደወልኩ። መብራት ገና አልጠፋም ነበር። ‹አይዞሽ፣ ሰው አጠገቤ አለ› አሉኝ። ሶሬቲን መስሎኝ።»

«ትንፋሽ ሲያጥራቸው በምን ቋንቋ ነው የሚናገሩት?»

የማሬት ፊት ቀላ። «በሩሲያኛ። ሐኪም ፊት አፍርባቸው ነበር። ባንዲራችንን የሰቀሉ ሰው፣ ሲጨነቁ በዚያ ቋንቋ ይለማመጡ!»

ባሏ ዳን ማታውን ምድር ቤት ቢራውን ይዞ ቴሌቪዥን ሲያይ ነበር። መብራት ሲጠፋ እዚያው ተኛ። «ሽማግሌው የአረጋውያን መጦሪያ ይግቡ እያልኩ ዓመት ተጨቃጭቄያለሁ» አለ፣ ሳይጠየቅ። «ጻፊው፤ ሚስቴ ለሁሉም ነግራለች።»

«በር ሲከፈት ሰምተሃል?»

«አንዴ ሰማሁ። ከዚያ ከላይ የእግር ኮቴ ነበር። ሶሬቲ ተመልሳ የገባች መሰለኝ።»

«ወጥተህ አላየህም?»

«ለምን አያለሁ? ለእሱ ሰው ቀጥረናል።»

ሶሬቲ የምግብ ጠረጴዛው ጥግ ላይ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀምጣለች። መቅሊት በአማርኛ ስታናግራት እንባዋ መጣ።

«አልቅሰሽ ስትጨርሺ ንገሪኝ» አለቻት መቅሊት። «ወይም አሁኑኑ ንገሪኝ፤ ፖሊሱ ቸኩሏል።»

«እህቴ፣ እኔ ጥዬአቸው አልሄድኩም! የጋሽ ክፍሌ መኪና ግቢ ስትገባ አይቻለሁ። መንገዱ ሳይዘጋ ሂጂ ብለው ከመኪናው ሆነው በእጃቸው አሳዩኝ። ተነስቼ መኪናዬን ድራይቭ አደረግሁ። ቤት ስደርስ መብራት ገና አልጠፋም ነበር፤ አከራዬን ቢሊሴን ጠይቂያት፣ በሩን የከፈተችልኝ እሷ ናት።»

«ለፖሊሱ ነግረሽዋል?»

«ነገርኩት። ‹ክፍሌ አልመጣሁም ብሏል› አለኝ። እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን የተጣላ የሚያስታርቁ፣ የሞተ የሚገንዙ። ማን እኔን ያምናል? ምናልባት የሌላ ሰው መኪና…»

«አየሻቸው ወይስ አላየሻቸውም?»

«አየኋቸው።» ድምጿ ወረደ። «የአሳይለም ኬዜ፣ የጥገኝነት ማመልከቻዬ እኮ ገና አላለቀም። ዳኛው የሚያየኝ በማርች ነው። ፖሊስ ሰው ገደለች ብሎ ከጻፈብኝ ይመልሱኛል። እዚያ ደግሞ ወንድሜን ያሰሩት ሰዎች ናቸው የሚጠብቁኝ።»

መቅሊት አላጽናናቻትም። «ጋሽ ክፍሌ ከሽማግሌው ጋር በምን ነበር የሚግባቡት?»

«በራሳቸው ቋንቋ ነዋ፤ በሽማግሌው። እኔማ ‹ጋሼ፣ ይሄን ደግሞ ከየት አመጡት?› ብዬ ስቄባቸዋለሁ። ‹ታክሲ የነዳ ሰው የማይለምደው ቋንቋ የለም› አሉኝ።»

ክፍሌ ሳሎን ውስጥ ብቻውን ነበር። ጸጉሩ ሸበቶ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ለስላሳ ነው። መቅሊት ስትገባ ከመቀመጫው ተነሳ።

«ልጄ፣ አዲስ አበባ የማን ልጅ ነሽ?»

«ዘመድ ለመቁጠር አልመጣሁም፣ ጋሽ ክፍሌ። ጠዋት ሲደርሱ እንዴት ሆነው አገኟቸው?»

«እንደምታዪው። ቀዝቅዘው፣ ደርቀው።»

«ዓይናቸውን የከደኑት እርስዎ ነዎት?»

«ተከድኖ ነበር። እኔ በጣቴ እንኳ አልነካኋቸውም። ፖሊስ ሳይመጣ እንዳትነኩ ብለው አስተምረውናል።»

«በምን ቋንቋ ነበር የምትግባቡት?»

«በእንግሊዝኛ ነዋ። በምን ልግባባቸው ኖሯል?» ፈገግ አለ። «ምስኪን ልጅ ናት ሶሬቲ። አትጫኗት። ልጅነት ነው።»

መቅሊት ወጥታ ለቢሊሴ ደወለች፤ የሶሬቲ ቃል እውነት ሆነ። ከዚያ ኦልሰንን ሰዎቹን ሁሉ ሳሎን እንዲሰበስብ ጠየቀችው። ማሬት ሶፋው ላይ፣ ዳን ከኋላዋ ቆሞ፣ ክፍሌ ወንበሩ ላይ፣ ሶሬቲ በሩ አጠገብ ሆኑ።

«አጭር ነው» አለች መቅሊት። «ሶሬቲ ጥላቸው ሄደች፣ መብራት ጠፋ፣ ሽማግሌው ብቻቸውን ሞቱ ተብሏል። ብቻቸውን ከነበሩ ቱቦውን ከማሽኑ ነቅሎ ሲሊንደሩ ላይ የሰካው ማነው? በዚያ ጣታቸው እሳቸው አይችሉም። መብራት ሲጠፋ ሶሬቲ ብሩክሊን ፓርክ ቤቷ ነበረች። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ሌላ ሰው አጠገባቸው ነበር ማለት ነው። ማሬት፣ አባትሽም በስልክ ነግረውሻል፤ ‹ሰው አጠገቤ አለ›።»

«ዳን ቤት ውስጥ ነበር» አለ ኦልሰን።

«ወደ ዳን እመጣለሁ። ያ ሰው ሲሊንደሩን መልሶ ዘጋው። ሽማግሌው እስኪያልፉ ጠበቀ። ካለፉ በኋላ ደግሞ አንድ ነገር አደረገ፤ ዓይናቸውን ከደነ፣ አገጫቸውን ደገፈ፣ እጅና እግራቸውን አቃንቶ አውራ ጣቶቻቸውን በፋሻ አሰረ። ይሄ የሚደረገው ሰውነት ሳይደርቅ ነው። ከደረቀ በኋላ እሺ አይልም። ፋሻውን ጠዋት ፈታው፤ ምልክቱ ግን ቀርቷል።»

«ለምንድን ነው የሚታሰረው?» አለ ዳን ግራ ገብቶት።

መቅሊት ወደ ኦልሰን ዞረች። «ስለ ዳን የጠየቅከኝ መልሱ ይኸው። አያውቀውም። እኛ ጋ ሬሳ ሲገነዝ እንዲህ ነው የሚደረገው። አባቴ ሲሞት አይቻለሁ። ሬሳ ሲገንዝ የኖረ ሰው እጁ ራሱ ይሠራዋል። ጋሽ ክፍሌ፣ በጣቴ አልነካኋቸውም ብለውኛል። በእንግሊዝኛ ነው የምንግባባው ብለውኛል። ሶሬቲ ግን በሽማግሌው ቋንቋ ሲያወሩ ሰምታለች፤ ሽማግሌው ሲጨነቁ የሚናገሩት ሩሲያኛ ነው። ሩሲያኛ በታክሲ አይለመድም። የት ነው የተማሩት?»

ክፍሌ የሸሚዙን እጅጌ ወደ ታች ሳበ።

«ሌኒንግራድ» አለ።

ማሬት ቀና አለች።

«ከፍቼለት ነበር እኮ» አለ ክፍሌ። «መብራት ሲጠፋ ቱቦውን አዞርኩ፣ ከፈትኩለት። ትንፋሹ ሲመለስ እጄን ይዞ ወሬ ጀመረ። ‹እናንተ ኢትዮጵያውያን ደጎች ናችሁ፤ ሌኒንግራድ የውጭ ተማሪዎች ኃላፊ ሳለሁ አውቃችኋለሁ› አለኝ። ስሙን አናውቀውም ነበር፤ የቢሮውን በር ብቻ ነበር የምናውቀው። ደርግን ተቃወሙ ብሎ አራት ልጆች ወደ አገራቸው አስመልሷል። ‹ጎበዝ ልጆች ነበሩ› አለ። ‹ያ ሪፖርት ግን ከፍ አደረገኝ። እሱ ባይኖር ሚኒስቴር ቤት ማን ያስገባኝ ነበር?› አንዱን በስሙ ጠራው። ዋቁማ።»

«ማነው ዋቁማ?» አለ ኦልሰን።

«የተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ከኔ በላይ ያለው አልጋ ላይ ነበር የሚተኛው። ከአውሮፕላን እንደወረደ ወሰዱት። እናቱ ሬሳውን እንኳ አላገኘችም።» ክፍሌ መዳፉን አየ። «ይኼ ሽማግሌ ደግሞ እንደ ልጅነት ቀልድ እየሳቀ ነው የነገረኝ። እጄ ሄዶ ዘጋው።»

«ታዲያ ለምን ገነዟቸው?» አለች መቅሊት።

«ሬሳ ነዋ። አፉን ከፍቶ እንዴት ትቼው ልሂድ?»

«ውሸት ነው!» ማሬት ተነሳች። «አባቴ እንዲህ ያለ ነገር አላደረጉም!» ቆይታ ወደ ኦልሰን ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ይሄ የግድ መጻፍ አለበት? ምክንያቱን ማለቴ ነው። ቅዳሜ ዶክትሬቱን በስማቸው ልንቀበል ነበር።»

ኦልሰን መቅሊትን አየ።

«እኔ እጽፈዋለሁ» አለች መቅሊት። «ዶክትሬቱን ተቀበሉ፣ አትቀበሉ፣ የኔ ጉዳይ አይደለም።»

ኦልሰን ካቴናውን አወጣ። ክፍሌ ሳይከራከር እጁን ሰጠ። ያን ጊዜ ነው ሶሬቲ ከበሩ አጠገብ የተናገረችው።

«ጋሽ ክፍሌ። እኔስ?»

ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «ልጄ፣ ደንግጬ ነው። አንቺ ልጅ ነሽ፣ ትንሽ ቀን ቢያስቸግሩሽ ነው፣ ከዚያ ይተዉሻል ብዬ…»

«ኬዜን ያውቃሉ። ማርች ላይ ዳኛ ፊት ሊመሰክሩልኝ ቃል የገቡልኝ እርስዎ ነዎት። ቢመልሱኝ ማን እንደሚቀበለኝ ያውቃሉ።»

«ሶሬቲ…»

«ሽማግሌውም ዋቁማን የላኩት እንዲህ ብለው ይሆናል። ትንሽ ቀን ቢያስቸግሩት ነው፣ ከዚያ ይተዉታል ብለው።»

ኦልሰን ካቴናውን በክፍሌ እጅ ላይ ቆለፈው።

ሶሬቲ ጎንበስ ብላ የበረዶ ጫማዋን አጠለቀች። የካፖርቷን ቁልፍ እስከ አንገቷ ቆለፈች። መቅሊት «ቆይ፣ ላድርስሽ» አለቻት።

«መኪና አለኝ» አለች ሶሬቲ፣ ፊቷን ሳታዞር። ወጣች፣ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።