እግሩ ሥር የነበረው ሩዝ

ዕድሜውን የቤት ማሞቂያ የጋዝ ቦይለር በመጠገን የጨረሰው ማ ጊቾል በገዛ ቦይለሩ ታፍኖ ሞተ የሚለው ወሬ ከአስከሬኑ ቀድሞ ከቤት ወጣ። መርማሪ ፒዮ ሶንሚ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስትደርስ ጎረቤቶቹ በረዶው ላይ ቆመው «የኛንስ የጠገነው እሱ አይደል?» እየተባባሉ ነበር። ለሟቹ ያለቀሰ አላየችም። ሁሉም የየራሱን ቦይለር እያሰበ ነበር።

ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። ሽማግሌው በትንሿ ክፍል ወለል ላይ፣ ወፍራም ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ ለብሶ፣ በጎኑ ተኝቷል። ፊቱ የጤነኛ ሰው ፊት መስሎ ቀልቷል። ይህ መርዘኛው ጋዝ የሚቀባው ውሸተኛ ቀለም እንደሆነ ፒዮ ታውቃለች። ራስጌው አንድ ባዶ የሶጁ አረቄ ብርጭቆ አለ። ግድግዳው ላይ አንድ ሚስማር ብቻውን ቀርቷል፤ ከሥሩ መጽሐፍ የሚያህል ቦታ ከሌላው ግድግዳ ይልቅ ነጥቷል።

ከክፍሉ ጀርባ ባለችው የቦይለር ጓዳ ውስጥ፣ ሲሚንቶው ላይ በካልሲ ብቻ ቆሞ ታክ ዩንሶክ ጠበቃት። የቤት ለቤት የጋዝ ደህንነት ተቆጣጣሪ ነው፤ ከሟቹ ጋር ሠላሳ ዓመት በወዳጅነት፣ ከእሷ ጋር አሥራ አምስት ዓመት በሥራ የኖረ ሰው። ጋዝ ባለበት አደጋ ሁሉ ፖሊስ የሚጠራው እሱን ነው።

«ጋሼ ታክ፣ በዚህ ብርድ ያለ ጫማ? አብደሃል?»

«እነዚህ እግሮች በወታደርነቴ ድንበር ላይ በበረዶ ደንዝዘው ቀርተዋል፣ እቱ። ለኔ በረዶም ምድጃም አንድ ነው።» ሊስቅ ሞከረና ተወው። «ይኸውልሽ፤ የጭስ ማውጫው ቱቦ ከመገጣጠሚያው ወልቋል። ማሸጊያው አርጅቷል። ኅዳር ላይ ስመረምረው ቀይረው ብዬው ነበር። ለሰው ቤት ሲሮጥ የራሱን ረሳ።»

«ስትመረምር የጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ አይተህ ነበር?»

«ማ ጊቾል? እኔ ራሴ አነፍናፊ ነኝ ይል ነበር።»

ታክ ክንዷን ይዞ ወደ ትልቁ ክፍል ወሰዳት። ከኩሽናው ጋር በሚዋሰነው ጥግ፣ የቦይለሩ ሙቅ ውሃ ከወለሉ ሥር ስለሚያልፍ በዚህ ቤት ከድሮ ጀምሮ እንግዳ የሚቀመጥበት ሞቃቱ ቦታ ላይ፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ ነበር። ገለጥ ሲያደርገው ክዳን ያለው የነሐስ ሳህን ብቅ አለ፤ አፉ ድረስ ሩዝ ሞልቶበታል።

«ትናንት ማታ እራት ጠርቶኝ ነበር። ከሥራ አመሸሁና ቀረሁ። እንዳይበርድ ሸፍኖ አቆይቶልኛል፣ አየሽ? ብመጣ ኖሮ…» ዞር ብሎ ዓይኑን ጠረገ።

ፒዮ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። ስስ ካልሲዋን አልፎ ብርዱ አጥንቷ ድረስ ገባ። እግሬ በረደ ብላ ወጣች እንጂ ለምን እንደበረዳት አላሰበችም። በኋላ በዚህ ራሷን ወቀሰች።

የሟቹ ልጅ ማ ሄሪን የሥራ ሽርጧን እንደታጠቀች ኩሽና ወለል ላይ ተቀምጣለች። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የጥገና ሱቁን ከአባቷ ጋር ትሠራለች። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጥታ አስከሬኑን ያገኘችውም፣ መስኮቱን የከፈተችውም፣ ቦይለሩን ያጠፋችውም እሷ ናት።

«‹በባለቤቱ ቸልተኝነት› ብለሽ ልትጽፊ ነው አይደል?» አለች ገና ፒዮ ሳትቀመጥ።

«ገና ነኝ።»

«ታክ ጽፎ ጨርሷል፣ አይቼዋለሁ። ያ ወረቀት ከወጣ ሱቁን ነገውኑ ልዘጋው እችላለሁ። ሦስት መቶ ቤት ነው የምንጠግነው። የራሱን ቦይለር መጠበቅ ያቃተው ሰው ልጅ ነሽ እየተባልኩ ማን በር ይከፍትልኛል? ደግሞ ውሸት ነው! አባቴ ያንን ማሸጊያ በመስከረም ቀይሮታል። እኔ ነኝ ቱቦውን የያዝኩለት።»

ፒዮ ቀና አለች። «የማስጠንቀቂያ መሣሪያስ ነበረው?»

«ሚስማሩ ላይ። ባትሪ የቀየረበትን ቀን በእጁ ይጽፍበት ነበር። ጠዋት ስገባ የለም።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገርሽው መቼ ነው?»

«ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በስልክ። ታክን እየጠበቅኩ ነው፣ ሩዙን ብርድ ልብሴ ውስጥ እግሬ ሥር አድርጌዋለሁ፣ እሱ እስኪመጣ እኔን ያሞቀኛል አለኝ።» ከንፈሯን ነከሰች። «እየሳቀ ነበር። ሰኞ ዕለት ግን አንድ ሰው ላይ በስልክ ሲቆጣ ሰምቼዋለሁ፤ ‹እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው የምጠብቅህ› ሲል። ማን እንደሆነ አልነገረኝም።»

ፎቅ ላይ የሚኖረው ተከራይ ኩክ ዳልሱ ታክሲ ነጂ ነው። ከሽማግሌው ጋር ክረምቱን ሙሉ ሲጨቃጨቅ ሰፈሩ ሰምቶታል፤ ስለዚህ ፒዮ ወደ እሱ ስትወጣ ጎረቤቶቹ ተጠቃቀሱ።

«አዎ፣ ተጣልተናል» አለ ሲጋራውን ሳይጥል። «ማሞቂያ አብርቼ፣ መስኮት ከፍቼ ሳጨስ ከታች ሆኖ ‹አንተ፣ ሰማዩን ነው የምታሞቀው?› እያለ ይጮህብኛል። የገዛ ጋዜ ነው፣ አንቱን ምን አገባዎት ስለው፣ ‹ብክነት ያመኛል› ይለኛል። እውነትም ያመው ነበር መሰለኝ።»

«ቅዳሜ ቤቱን እንድትለቅ ነግሮህ ነበር?»

«ቅዳሜ? ውሌ እስከ ሰኔ ነው! ማን ነው እንዲህ ያለሽ? ባይሆን ትናንት የሆነውን ልንገርሽ። ለራሱ አሥራ ስምንት ዲግሪ፣ ለእንግዳ ሃያ ሁለት፣ ከዚያ ካለፈ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ሰው፣ ትናንት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ቦይለሩ እንደ አውሮፕላን ሲያገሳ አደረ። ወይ አብዷል፣ ወይ ንጉሥ ጋብዟል ብዬ ተኛሁ።»

«ቤቱ ገብተህ ታውቃለህ?»

«እኔን? ከበሩ አሳልፎኝ አያውቅም። ጫማህ ሲጋራ ሲጋራ ይላል ይለኛል። ጫማ!»

ፒዮ ወርዳ የሙቀት መቆጣጠሪያውን አየች። አሥራ ስምንት ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ተቀዷል፤ ቁጥሩ ሠላሳ ላይ ነው። ከዚያ ሟቹ የነበረባት ትንሿ ክፍል ገብታ ቆመች። ቦይለሩ ከጠፋ ሁለት ሰዓት ተኩል ሊሆነው ነው፤ ወለሉ ግን ገና እንደ ዳቦ ትኩስ ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ትልቁ ክፍል ገባች። በረዶ። ተመለሰች፤ ትኩስ። እንደገና ሄደች።

«ምን ሆነሻል?» አለች ሄሪን።

«እግሬ ከጭንቅላቴ የፈጠነ መሰለኝ። ይሄ ክፍል ለምን አይሞቅም?»

ሄሪን ኩሽና ገብታ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ቁም ሣጥን ከፈተች። ከቦይለሩ የሚመጣው ሙቅ ውሃ ወደየክፍሉ ወለል የሚከፋፈልባቸው አራት ቧንቧዎች ተሰልፈዋል። የሦስቱ ውሃ ማገጃ ቫልቮች ተዘግተው በሽቦ ታስረዋል፤ ሽቦው ላይ አቧራና የሸረሪት ድር አለ። በአንዱ ላይ በተንጠለጠለች ካርቶን በሽማግሌው እጅ «ትልቁ ክፍል፣ እስከ ጸደይ ተዘግቷል፣ ጥቅምት ሃያ» ተብሎ ተጽፏል።

«ለአንድ ሰው አንድ ክፍል ይበቃል ይል ነበር» አለች ሄሪን። ፒዮ «ሁሌ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው?» ስትላት፣ «አይ፣ ዘንድሮ ነው የጀመረው» አለች። «ብቻዬን ነኝ፣ ለማን ነው የማሞቀው ብሎ።»

ፒዮ ወደ ቦይለሩ ሄደች። ጎኑ ላይ የታክ የምርመራ ቅጽ ተለጥፏል፤ ኅዳር አሥራ አራት። ስድስተኛው መስመር «የወለል ማከፋፈያ ቫልቮች፦ ሁሉም ክፍት፣ ደህና» ይላል። የመስመሩ ጽሑፍ ያማረ ነበር። የታክ እጅ ጽሑፍ ሁሌም ያማረ ነው። በእሷ መዝገቦች ውስጥ ስንት እንዲህ ያማሩ ገጾች እንዳሉ ልትቆጥር ጀመረችና አቆመች።

«ባለፈው ክረምት፣ ወንዝ ማዶ ሁለት እህትማማቾች በጋዝ የሞቱበትን ቤት ቦይለር ማን ነው ያነሳው?» አለች ፒዮ።

«አባቴ» አለች ሄሪን። «የታክ ፊርማ ያለበትን የምርመራ ተለጣፊ ልጦ ኪሱ ከተተው። ቱቦው ከመጀመሪያውም አልታሰረም ነበር አለኝ። ከዚያ ወዲህ ነው ከታክ ጋር ሲያወራ ድምፁ የተለወጠው።»

ያንን መዝገብ «ድንገተኛ አደጋ» ብላ የዘጋችው ፒዮ ራሷ ናት፤ በታክ ቃል።

ከሰዓት በኋላ ሄሪንን፣ ኩክንና ታክን ትልቁ ክፍል ውስጥ ወለሉ ላይ አስቀመጠቻቸው። በር ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል።

«እንዴ፣ ሰውዬው ሞቶም ቁጠባ ነው?» አለ ኩክ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየተገላበጠ። «ቂጤ ተጣበቀ እኮ!» ሄሪን እግሮቿን አጥፋ ሥሯ ከታቻቸው። ታክ ብቻ እግሮቹን ወለሉ ላይ እንደዘረጋ ቀረ።

«ማ ጊቾል ትናንት እንግዳ ነበረው» ብላ ጀመረች ፒዮ። «ሄሪን፣ አባትሽ ብቻውን ይጠጣ ነበር?»

«በፍጹም።»

«ስለዚህ ሁለተኛው ብርጭቆ ታጥቦ ተመልሷል። ፕላስተሩን ቀዶ፣ ቦይለሩ ሌሊቱን ሙሉ ጋዝ እንዲተፋ ሠላሳ ላይ ያደረሰውም ብክነት የሚያመው ሰው አይደለም። አሁን ወደ ሩዙ እንምጣ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሩዙ ትንሿ ክፍል ውስጥ፣ ከሽማግሌው እግር ሥር ነበር። ጠዋት ግን እዚህ ተገኘ። ማን አመጣው? ማ ጊቾል አይደለም። ይሄን ወለል በገዛ እጁ ዘግቶ በሽቦ አስሮታል። ሩዝ እንዲሞቅ ብሎ በረዶ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው የለም።»

ኩክ የተቀመጠበትን ወለል በመዳፉ ዳሰሰ።

«እንግዳው መጣ። ማ ጊቾል ሩዙን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ አቀረበለት። እንግዳው አልበላም። ሽማግሌው ሁለት ብርጭቆ ቀምሶ እንደ ልማዱ በጊዜ ጋደም አለ። ከዚያ ቱቦው ወለቀ፣ መሣሪያው ከሚስማሩ ወረደ። ሩዙ ግን ቀረ። ሄሪን ስለ እራቱ ታውቃለች፤ ያልተነካ ሩዝ በብርድ ልብስ ሥር ከተገኘ እንግዳው አልመጣም ማለት ነው። ትንሿ ክፍል ያለው ብርድ ልብስ ግን የተኛው ሰው ለብሶታል፤ ቢያነሳው ይነቃል። ስለዚህ ሳህኑን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲቆይለት ወደኖረበት ጥግ ወሰደው። ጥጉ እንደድሮው ሞቃት ነው ብሎ። ሄሪን ብትሆን ሽቦዎቹን ታውቃለች። ኩክ ጥጉን አያውቀውም። የቀረው ጥጉን የሚያውቅ፣ ሽቦውን የማያውቅ፣ እግሩም የማይነግረው ሰው ነው።»

ወደ ታክ ዞረች። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ አለችው።

«አቶ ታክ፣ ኅዳር ላይ ያንን ቁም ሣጥን ከፍተው አይተዋል?»

«ያው… አንድ መስመር ነው፣ እቱ። ስንት ቤት ነው በቀን የምገባው። አምልጦኝ ይሆናል።»

«እህትማማቾቹ ቤትስ ያመለጠዎት ስንት መስመር ነው?»

አንዱ ፖሊስ ከታክ መኪና ያመጣውን ፌስታል ወለሉ ላይ ፈታው። ውስጡ ነጭ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ነበር፤ ጀርባው ላይ በማ ጊቾል እጅ ባትሪ የተቀየረበት ቀን ተጽፏል።

ታክ መሣሪያውን ወደ ጎን ገፋው።

«ከእህትማማቾቹ ቤት የላጠውን ተለጣፊ ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ» አለ። «ሳታይ የፈረምክበት ነው አለኝ። ‹ቅዳሜ ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ ራስህ ንገራቸው፣ ብቻህን አትሄድም፣ አብሬህ እሄዳለሁ› አለኝ። ጡረታ ልወጣ አራት ወር ነበር የቀረኝ።»

«አብሬህ እሄዳለሁ አለህ» አለች ሄሪን። «ሩዙን ለምን አልበላኸውም?»

«አልዋጥ አለኝ።»

«እሱን ግን ዋጥከው።»

ፖሊሶቹ ሲያነሱት ካልሲው ከሲሚንቶው ጓዳ በያዘው ውሃ እንደራሰ ነበር፤ እሱ አላወቀም።

ፒዮ በረንዳው ላይ ቆማ የታክን ዘገባ ለሁለት ቀደደችና ኪሷ ከተተች። ከዚያ እናቷ ጋ ደወለች።

«እማዬ፣ ቦይለሩን አጥፊው።»

«በዚህ ብርድ?»

«አሁኑኑ። መስኮቱንም ክፈቺ፤ ከዚያ ጎረቤት ሂጂ።»

«ደህና ነው እኮ፣ ልጄ! የላክሽው የጋዝ ተቆጣጣሪ ሰውዬ አይቶታል። ጨዋ ሰው ነው፤ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ፈርሞ ሄደ።»

ፒዮ ስልኩን ዘግታ ስትዞር ሄሪን የአባቷን የመሣሪያ ሳጥን ይዛ ጫማዋን እያሰረች ነበር። በሩ ውጭ ጎረቤቶቹ አሁንም ቆመዋል፤ አንዷ «ሄሪንዬ፣ የኛንም ብታዪልን…» አለች ቀስ ብላ።

«አያለሁ» አለች ሄሪን ሳትቆም። «መጀመሪያ የመርማሪዋን እናት ቤት።»